አንድ ሥራ በሁለት ሚዛን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




መሐንዲስ ሥራውን ጨርሶ ለተጠቃሚው ባስረከበ ጊዜ ሁለተኛው ፈተና ይጀምራል። የመጀመሪያው ፈተና ከብረት፣ ከአፈርና ከኤሌክትሪክ ጋር የሚደረግ ትግል ሲሆን ሁለተኛው ከሰው አስተያየት ጋር የሚደረግ ነው። ብረት አንድ መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ወይ ይሸከማል፣ ወይ ይሰበራል። ሰው ግን ስለ አንድ ሥራ በአንድ ቀን ሁለት ፍጹም ተቃራኒ መልሶች ይሰጣል። ታዲያ ከእነዚህ መልሶች መታረም የሚገባውን ጉድለት የሚያመለክተው የትኛው ነው? የትኛውስ የምርጫ ልዩነት ብቻ ነው?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከድልድይና ከግድብ ይልቅ የሚያመች አንድ ምሳሌ አለ። ይኸውም «ግራንድ ቴፍት አውቶ» የተባለው ተከታታይ የቪዲዮ ጨዋታ አራተኛው ክፍል ነው። ድልድይን የሚገመግሙት ጥቂት ባለሙያዎች ናቸው፤ ይህን ሥራ ግን ሚሊዮን ተጠቃሚዎች በየቤታቸው መርምረው ፈርደውበታል። ጨዋታ መባሉም ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም። የሥራው አዘጋጅ ሌዝሊ ቤንዚስ በወጣበት ጊዜ እንደገመቱት ወጪው ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር። ዋናው ሥራ የተከናወነው በስኮትላንድ፣ በኤዲንበርግ ከተማ፣ ሮክስታር ኖርዝ በተባለው ድርጅት ነው። ታሪኩ ስለ ወንጀል የሚተርክ በመሆኑ በአሜሪካ 17 ዓመት ለሞላቸው፣ በብሪታንያ ደግሞ 18 ዓመት ለሞላቸው ብቻ እንዲሆን ተመድቧል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ዋና ጠባይ ተጫዋቹ በተወሰነ መንገድ ብቻ እንዲሄድ አለመገደዱ ነው። አንድ ሙሉ ከተማ ይሰጠዋል፤ በእግሩም ሆነ በመኪና በፈለገበት አቅጣጫ ይዘዋወራል፤ የታሪኩን ተግባር ሲፈልግ ይፈጽማል፣ ሳይፈልግ ይተወዋል። በ2004 ጥቅምት ወር የወጣው «ሳን አንድሬያስ» ይህን ነፃነት እስከ ጫፉ አድርሶት ነበር። በውስጡ ሦስት ከተሞች፣ በመካከላቸውም የገጠር ምድር፣ ተራራና በረሃ ነበሩ። ተጫዋቹ አውሮፕላን ያበር፣ በፓራሹት ይወርድ፣ ብስክሌት ይነዳ ነበር፤ ባለታሪኩም በምግብ ይወፍር፣ በስፖርት ይፈረጥም ነበር። ይህ ሁሉ የተሠራው 32 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪ ብቻ ለነበረው ለሁለተኛው ፕሌይስቴሽን መሆኑ እስከ ዛሬ የሚያስደንቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጠበቅ ዘመን መጣ። አራተኛው ክፍል በ2007 ጥቅምት ወር እንደሚወጣ በ2006 ግንቦት ወር ተነገረ። ቀኑ ሲቃረብ፣ በ2007 ነሐሴ ወር፣ መዘግየቱ ተገለጸ። በመጨረሻም ሚያዝያ 29 ቀን 2008 ለገበያ ቀረበ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ተጫዋቾች በየልቡናቸው አንድ ጨዋታ ሠርተው ነበር። የአሳባቸው ስሌት ቀላል የመደመር ስሌት ነው፦ የቀድሞው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሌላ ብዙ ነገር ይጨመርበታል የሚል ነበር።

የሠሪዎቹ ስሌት ግን ሌላ ነበር። በመጀመሪያ፣ የቀደሙት ክፍሎች የታነጹበትን «ሬንደርዌር» የተባለውን የፕሮግራም መሠረት ትተው «ሬጅ» የተባለውን የራሳቸውን መሠረት ተጠቀሙ፤ ይህ መሠረት በ2006 በአንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ጨዋታ ላይ ተፈትኖ ነበር። ሁለተኛ፣ አዲሶቹ የመጫወቻ መሣሪያዎች፣ ይኸውም ኤክስቦክስ 360 እና ሦስተኛው ፕሌይስቴሽን፣ በጠቅላላው 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ነበራቸው። ሠሪዎቹ ይህን አቅም ምድሩን ለማስፋት ሳይሆን ለማጥለቅ አዋሉት። ኒው ዮርክን መስላ የተሠራችው ሊበርቲ ሲቲ ከሳን አንድሬያስ ምድር ታንሳለች፤ ገጠርም በረሃም የላትም። በምትኩ እያንዳንዱ መንገድ የራሱ መልክ፣ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ሕዝብና ድምፅ አለው።

ከሁሉ በላይ የተደከመበት ጉዳይ ክብደት ነው። በቀድሞዎቹ ክፍሎች ሰው ሲወድቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ እንቅስቃሴ ይደገም ነበር። በአራተኛው ክፍል ግን «ዩፎሪያ» የተባለው፣ ከኦክስፎርድ በመጣው ናቹራልሞሽን በተባለ ኩባንያ የተሠራው ዘዴ ገባ። ይህ ዘዴ የሰውን አጥንት፣ ጡንቻና የሚዛን ስሜት አስመስሎ ውድቀቱን በዚያው ቅጽበት ያሰላል። ስለዚህ የተገፋ ሰው ይንገዳገዳል፣ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ለመመከት ይሞክራል፤ ሁለት ውድቀቶችም አይመሳሰሉም። መኪናውም እንደዚሁ ነው። ኩርባ ላይ አካሉ በሞላው ላይ ይጋደላል፤ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ይደፋል፤ በፍጥነት ላይ ያለ መኪናም ለመቆም ረጅም መንገድ ይፈልጋል።

ሥራው በወጣ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ወደ 3.6 ሚሊዮን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ወደ 6 ሚሊዮን ቅጂዎች ተሸጡ፤ የሳምንቱም ገቢ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። የጋዜጠኞችን ግምገማ የሚያጠናቅረው ሜታክሪቲክ ከ100 ነጥብ 98 ሰጠው። ተጫዋቾች ግን ለሁለት ተከፈሉ።

የክርክሩ መነሻ መኪናው ነበር። አንደኛው ወገን «መኪና ማለት ይህ ነው፤ ከኩርባው በፊት ማሰብ ግድ ይላል፤ ጥሩ ነጂና መጥፎ ነጂ የሚለዩት አሁን ነው» ይል ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ «መኪናው ጀልባ ይመስላል፤ እኛ የፈለግነው መዝናናት እንጂ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አይደለም» ሲል ያማርር ነበር። ልብ መባል ያለበት ሁለቱም ወገኖች ስለ አንድ እውነት መናገራቸው ነው። መኪናው መክበዱን ማንም አልካደም፤ የተለያዩት ክብደቱ ዋጋ ነው ወይስ ዕዳ በሚለው ላይ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ስለ ጎደለው ነገር ነበር። አውሮፕላን የለም፤ ፓራሹት የለም፤ ብስክሌት የለም፤ የባለታሪኩን አካል መለወጥ ቀርቷል። ለዚህም ተከራካሪ አልጠፋም። አንዳንዱ «በጠባብ ከተማ አውሮፕላን ምን ይሠራል?» ሲል ሌላው «ትናንት በእጄ የነበረውን ዛሬ ለምን ትወስዱብኛላችሁ?» ብሎ ይመልስ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ ስለ አሠራር ነው። አንድ ተግባር መጨረሻው ላይ ቢከሽፍ ተጫዋቹ ረጅሙን መንገድ እንደገና ነድቶ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይገደድ ነበር። የባለታሪኩ የአክስት ወይም የአጎት ልጅ የሆነው ሮማንም ስልክ እየደወለ ቦውሊንግ እንጫወት ይል ነበር። ይህን ሰብአዊ ወዳጅነት ብለው የወደዱት ነበሩ፤ ብዙዎች ግን ሰለቹት፤ እስከ ዛሬም ይቀለድበታል።

አራተኛው ስለ ታሪኩ ነው። ባለታሪኩ ኒኮ ቤሊች ጦርነት ያቆሰለው የምሥራቅ አውሮጳ ሰው ነው። ሮማን በደብዳቤ ሰፊ ቤትና የተድላ ኑሮ እንዳለው ጽፎለት ወደ አሜሪካ በመርከብ ይመጣል፤ ሲደርስ ግን የሚያገኘው አንዲት ጠባብ፣ የቆሸሸች ክፍልና በዕዳ የተያዘ የታክሲ ድርጅት ነው። ኒኮ ስለ ገደላቸው ሰዎች ያዝናል፣ ይጸጸታል። ብዙ ተጫዋቾች ይህን ከቀደሙት ሁሉ የበለጠ የበሰለ ታሪክ ነው አሉ። ሌሎች ደግሞ በታሪኩ ውስጥ የሚጸጸት ሰው ጨዋታው በእጃቸው ሲገባ አላፊ አግዳሚውን ያለ ርኅራኄ እንዲገድል መፍቀዱ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው ሲሉ ተቹ።

አምስተኛው ቅሬታ ከአራቱ ሁሉ የተለየ ጠባይ አለው። በ2008 ታኅሣሥ ወር ጨዋታው ለኮምፒዩተር ሲወጣ ጠንካራ መሣሪያ በነበራቸው ሰዎች ዘንድ ሳይቀር ምስሉ ይንቀራፈፍ፣ ፕሮግራሙም ይቋረጥ ነበር። ከፍተኛዎቹ የምስል ደረጃዎች ወደፊት ለሚመጡ ኮምፒዩተሮች የታሰቡ ናቸው የሚል ማብራሪያም ተሰጠ። በዚህ ላይ የማይክሮሶፍትንና የሮክስታርን ሁለት የተለያዩ የምዝገባ ፕሮግራሞች መጫን ያስፈልግ ነበር። እዚህ ላይ ተጫዋቾች ለሁለት አልተከፈሉም። መንቀራፈፉን እወደዋለሁ ያለ አልተገኘም።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የተጠቃሚው ቅሬታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሦስት ወገን አለው። የመጀመሪያው የምርጫ ቅሬታ ነው። ሠሪው አስቦ የወሰነውን፣ አንዱ የሚወደውንና ሌላው የሚጠላውን ነገር ይመለከታል፤ ምልክቱም ተቃራኒ አስተያየት በእኩል ኃይል መቆሙ ነው። ሁለተኛው የዋጋ ቅሬታ ነው። አቅም ውሱን ስለሆነ አንዱ ሲገኝ ሌላው ይቀራል፤ ተጠቃሚው የሚያዝነው ስለቀረው ብቻ ሳይሆን እንደሚቀር ስላልተነገረውም ነው። ሦስተኛው የጉድለት ቅሬታ ነው፤ ምልክቱም ተሟጋች ማጣቱ ነው።

እነዚህን ሦስቱን ደባልቆ አማካይ ማውጣት ከባድ ስሕተት ነው። እግሩ 38 ቁጥር ለሆነና 44 ቁጥር ለሆነ ሁለት ሰዎች 41 ቁጥር ጫማ ቢሰፋላቸው አማካዩ ትክክል ነው፤ ጫማው ግን ለአንዳቸውም አይሆንም። በሌላ በኩል «አስተያየቱ የተከፋፈለ ነው» ብሎ ሁሉንም መተው ደግሞ ግልጹን ጉድለት በምርጫ ልዩነት ጥላ ሥር መደበቅ ይሆናል።

በኋላ የሆነው ይህን ያረጋግጣል። በ2009 የወጡት ሁለቱ ተጨማሪ ታሪኮች ተግባር ሲከሽፍ ከመካከል የመጀመርን ዕድል ሰጡ፤ ሁለተኛው ተጨማሪ ታሪክ ደግሞ ፓራሹትን መለሰ። የመጀመሪያው የጉድለት እርማት ነው፤ ሁለተኛው የዋጋ ካሣ ነው። በ2013 መስከረም ወር የወጣው አምስተኛው ክፍል አውሮፕላኑን፣ ብስክሌቱንና ሰፊውን ገጠር መለሰ፤ በሦስት ቀን ውስጥም ገቢው 1 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2015 ሚያዝያ ወር የወጣው የኮምፒዩተር ቅጂ ከቀድሞው እጅግ ተሽሎ በመሠራቱ ያኛው ጉድለት እንዳልተረሳ አስመሰከረ። የጉድለት ቅሬታ ሲታረም ያበቃል።

መኪናው ግን በአምስተኛው ክፍል ቀለለ፤ የሰዎቹ አወዳደቅም እንደ ቀድሞው የተብራራ አልነበረም። ወዲያውም ቅሬታው ቦታውን ለወጠ። ቀድሞ ያማርሩ የነበሩት ዝም አሉ፤ ቀድሞ ዝም ያሉት «የአራተኛው ክፍል ክብደት የት ሄደ?» ማለት ጀመሩ። የምርጫ ቅሬታ አይጠፋም፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይዞራል እንጂ።

በዚህ ላይ የዕድሜ ጉዳይ ይጨመራል። በ2018፣ አሥር ዓመት ሲሞላው፣ ለብዙ ዘፈኖች የተገኘው ፈቃድ በማለቁ ከጨዋታው ሬዲዮ ወጡ፤ በተለይ የሩስያኛው ጣቢያ ዘፈኖች በአብዛኛው ተለወጡ። በ2020 ጥር ወር ደግሞ የማይክሮሶፍቱ የምዝገባ አገልግሎት ድጋፍ በመቋረጡ የኮምፒዩተሩ ቅጂ ስቲም ከተባለው የመሸጫ አገልግሎት ላይ ወረደ፤ በመጋቢት ሲመለስ ብዙ ሰዎች አብረው የሚጫወቱበት ክፍል ቀርቶ ነበር። ሕንፃ የሠራ ሰው በውስጡ ያስገባው ባዕድ ዕቃ መቼ እንደሚያልቅ ካላሰላ የሕንፃው ዕድሜ በዚያ ዕቃ ዕድሜ ይወሰናል።

የስድስተኛው ክፍል የመጀመሪያ ማስታወቂያ ፊልም በ2023 ታኅሣሥ ወር ታየ፤ በ2025 ብቻ የመውጫው ቀን ሁለት ጊዜ ተገፋ። ያው የመደመር ስሌት በተጫዋቾች ልብ ውስጥ እንደገና ተሠራ። የመጠበቂያው ዘመን በረዘመ ቁጥር በአሳብ የሚሠራው ሥራ እየገዘፈ ይሄዳል፤ በእጅ የሚሠራው ደግሞ ምን ጊዜም በአቅም የተወሰነ ነው።

የሮማን ደብዳቤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኒኮን ያስከፋችው ጠባቧ ክፍል ብቻ አይደለችም፤ ሰፊ ቤት ተብሎ የተጻፈለት ቃል ነው። መሐንዲስም ለተጠቃሚው ሊሰጥ የሚገባው ትክክለኛ ደብዳቤ ነው፦ ይህን አገኘህ፣ ስለዚህም ያኛው ቀረብህ፣ ምክንያቱም ይህ ነው የሚል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቅሬታ በሦስት ከፍሎ ጉድለቱን ያርም፣ ዋጋውን ይግለጽ፣ በምርጫው ይጽና። የተከፋፈለ አስተያየት የውድቀት ምልክት አይደለም፤ አንድ ቁርጥ ውሳኔ መወሰኑን የሚያሳይ ነው። የሚያሳፍረው ሁሉም በአንድ ቃል የመሰከሩበትን ጉድለት እንዳልሰሙ ሆኖ ማለፍ ነው።