ላኒየር ሐይቅና እኛ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንዳንዶቻችን በሰመር ቅዳሜ ቅዳሜ ከአትላንታ ወደ ጌንስቪል ወጥተን ላኒየር ሐይቅ ላይ ካያክ እንደምንቀዝፍ ሰምታችኋል። «ደግሞ ውሃ ላይ ምን አላችሁ?» ያሉንም አልጠፉም። ስለዚሁ እንድናገር ተጠይቄ ነው የቆምኩት።

ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው። ቻታሁቺ ወንዝ በ1950ዎቹ (ዓመታቱን በፈረንጅ ነው የምጠራው) በቡፎርድ ግድብ ተይዞ የተኛ ውሃ ነው። አትላንታ ከቧንቧ የምትጠጣው በአብዛኛው ከዚያው የሚወርደውን ነው፤ ሄዳችሁ ባታዩትም ቡና አፍልታችሁበታል። ከሥሩ የሰው እርሻ ነበረ። በዳርቻው ባለው ፎርሳይዝ ካውንቲ በ1912 ከአንድ ሺህ በላይ ጥቁር ነዋሪዎች በዛቻና በእሳት ተባረዋል፤ ኦስካርቪል ከሚባለው መንደራቸው አካባቢ ከፊሉን ኋላ ውሃው ሸፈነው። ልጆቻችን እዚያ ሲሄዱ ይህንንም ይወቁ እላለሁ።

የ1996ቱን ኦሎምፒክ እኛ የምናስታውሰው በፋጡማ ሮባ ነው። ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ማራቶኑን እዚሁ አትላንታ ጎዳና ላይ አሸነፈች። በእነዚያው ቀናት ላኒየር ላይ ሴቶች 2000 ሜትር ይቀዝፉ ነበር። ሴት ቀዛፊዎች ኦሎምፒክ የገቡት በ1976 ሲሆን ያን ጊዜ ርቀታቸው የወንዶቹ ግማሽ ነበር፤ እኩል የሆነው በ1988 ነው። «አይችሉም» የሚባለው ነገር የትም አገር አለ ማለት ነው።

ለውድድር ሲባል የተመረጠው ቦታ ለጀማሪም ይመቻል። ለውድድር ማዕበል የማይበዛበት፣ ከነፋስ የተከለለ ውሃ ያስፈልጋል፤ ጠዋት በማለዳ ስትደርሱ መስታወት ይመስላል። የዳኞቹ ማማ እስከ ዛሬ ቆሟል። መቅዘፊያውን በክንድ ብቻ የሚስብ ሰው ቶሎ ይዝላል፤ ወገብን እያዞሩ ነው የሚቀዘፈው። ቀኑን ሙሉ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ወይም ምጣድ ላይ አጎንብሰው ለሚውሉ እህቶች ይህ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚጥም የቀመሱት ይንገሯችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም። ሐይቁ በየዓመቱ ሰው ይወስዳል። ከመቅዘፊያው ቦታ ወጣ ሲሉ የሞተር ጀልባ ሞገድ አለ፣ ዳር መስሎ ድንገት የሚጠልቅ አለ። በጆርጂያ ሕግ በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይፍ ጃኬት መልበስ ግዴታው ነው። እኔ ግን እድሜያችን ምንም ይሁን ሁላችንም እንልበስ ባይ ነኝ።

ኮሚቴያችን ውስጥ «ይህ ቅንጦት ነው፣ ገንዘቡ ለተቸገረ ይዋል» ያሉ አሉ። ክርክራቸውን አልንቅም፤ የቤት ኪራይ ያቃታት እህት ትቀድማለች። ነገር ግን ልጆቻችን እኛ ፈቀድንም አልፈቀድንም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ውሃ መሄዳቸው አይቀርም። ስለዚህ ለጋሾቻችንን የምጠይቀው ጀልባ አይደለም። የምጠይቀው ለእናቶችና ለልጆች የዋና ትምህርት ነው፤ ከተቻለም ሙስሊም እህቶቻችንም ሳይሸማቀቁ እንዲገቡ ሴት አስተማሪ ያለችበት፣ ለሴቶች ብቻ የተለየ ሰዓት። ከዚያ ላይፍ ጃኬት። ካያኩን መከራየት እንችላለን።

መመዝገብ የምትፈልጉ ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ። የልጆቹን ክብደት ጨምራችሁ ጻፉ፤ የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በእድሜ ሳይሆን በክብደት ነው።