አንድ ዲሽ ለስንት ክፍል?
እሁድ ገበያ የመጡ ዘመዶች ሳሎን ዜና እያዩ፣ መኝታ ቤት ቻናል ሲቀየር የሳሎኑ ቴሌቪዥን ለምን ይጠፋል? ጉዳዩ ዲሹ ፊት ያለችው ኤልኤንቢ ነው። ሪሲቨሩ 13 ወይም 18 ቮልት እየላከ ያዛታል፤ መውጫዋ አንድ ከሆነ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አትፈጽምም። መከፋፈያ መግጠም ይህን አይፈታም፤ ብር ማባከን ነው። ሁለት ወይም አራት መውጫ ያላትን ግዙ፤ ለየክፍሉ የራሱን ኬብልና ሪሲቨር አድርጉ። ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆኑ ሁለቱንም ለሚፈልግ ሁለት ዲሽ ያስፈልጋል። ኬብሉ ጫፍ ላይ የመሐሉን መዳብ አንዲት የመረቡ ክር እንኳ ከነካችው ምስል አይመጣም፤ አጥርታችሁ ላጡት። ኬብል ስትነካኩ ግን አደራ፣ ሪሲቨሩን አስቀድማችሁ ከሶኬት ንቀሉ።