ከምድር ውጭ ስላለ ሕይወት ዳሎል ምን ያስተምረናል?



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቆጮን የማያውቅ የለም። የተፋቀው እንሰት በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ሲቀበር የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አየር በሌለበት፣ ራሳቸው በሚያመነጩት አሲድ ውስጥ ይራባሉ። ሕይወት ያለ ኦክስጅን እንደሚኖር ጓዳችን ይመሰክራል።

ታዲያ ወሰኑ የት ነው? እኔ የምመለከተው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ወዳለው የአፋሩ ዳሎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዚያ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን ማግኘቱን አሳተመ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች የሚኖር ሕይወት እንዳላገኘ ገለጸ፤ ያገኘው ሴል የሚመስሉ የማዕድን ቅንጣቶችን ነበር።

ከዚህ ክርክር ሦስት ነገር እወስዳለሁ። ፈሳሽ ውኃ ብቻውን ለሕይወት ዋስትና አይሆንም፤ ቅርጽም ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ነፋስና ጎብኚ ያመጡት ተሕዋስም የስፍራው ነዋሪ አይባልም። በማርስ አፈር ፐርክሎሬት የተባለ ጨው መኖሩን ፊኒክስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2008 አሳይታለች፤ ጨዋማ ውኃ ቢገኝም ጥያቄው አይዘጋም።

ደግሞም መትረፍ ሌላ፣ መፈጠር ሌላ ነው። የቆጮው ተሕዋስያን ጉድጓዱ ውስጥ አልተፈጠሩም፤ ከሌላ ቦታ መጥተው ተላመዱ። ስለዚህ «ማርስ ዛሬ ሕይወትን ትችላለች ወይ?» ከማለታችን በፊት «ሕይወት የሚጀመርበት ምቹ ዘመን ነበራት ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ለዚህ ጥያቄ መሣሪያዎቻችንን የምንፈትንበት ስፍራ በአገራችን ይገኛል፤ የምርምሩም ባለቤቶች እናንተ ብትሆኑ እመኛለሁ።