ጭቃው፣ ሽቦውና ደሴቷ

አድማጮቻችን፣ ከለቡ መብራት ኃይል ብዙም ሳትርቁ፣ እዚያው ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ መካኒሳ ወዳለው ዞማ ሙዚየም ጎራ ብትሉ በጭድና በጭቃ የተመረገ፣ እንደ ጥልፍ ያጌጠ ግድግዳ ይቀበላችኋል። ቦታው ቀድሞ የተበከለ መሬት ነበር። የጥበብ ባለሙያዎቹ መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ ለዓመታት ደክመውበት በ2011 ዓ.ም. በሩን ከፈቱት።

የተጎዳ ቦታ የጥበብ ቤት ሲሆን በሌላም አገር ታይቷልና ወደ ጃፓን እንሻገር። ኢኑጂማ በምትባል ትንሽ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1909 የመዳብ ማቅለጫ ተተከለ። የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ በ10 ዓመቱ ተዘጋ፤ ወጣቱ ተሰደደ፣ ሽማግሌው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ፍርስራሹ ሳይነሳ የጥበብ ሙዚየም ሆነ። እኔን የሚያስደንቀኝ አሠራሩ ነው፦ የድሮው ጭስ ማውጫ ዛሬ አየር እየሳበ ክፍሎቹን ያናፍሳል፤ ከመዳብ ዝቃጭ የተሠራው ጥቁር ጡብም ሙቀት ይይዛል። ከማቅለጫው የተረፈው ዕቃ ራሱ ቤቱን ያገለግላል።

የዞማው ኤልያስም እንዲሁ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ወርዶ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይለቅማል። ሽቦውን በእጁ እየጎነጎነ ከሩቅ ሲያዩት የእርሻ ማሳ የሚመስል ግዙፍ ሥራ ያወጣበታል። ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዞማ ሂዱ፤ ግድግዳውን ቀረብ ብለው ይዩት።