ከመሮጫው ሜዳ ወደ ወንበሩ
(በወርሃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር የሰብሳቢ ምርጫ ሲነሳ የሆነውን አልረሳነውም። «እኔን ተዉኝ» ያላለች አልነበረችም። አንዷ ልጅ አለብኝ አለች፣ አንዷ ጉሊቱን ለማን ልተወው አለች። ሌላዋ ደግሞ «እኔ ፖለቲካ አልወድም» ብላ ቡና ለመቅዳት ተነሳች። ቡናው ጥሩ ነበር፤ ሰብሳቢ ግን ሳናገኝ ተለያየን። ዛሬ ስለ ደራርቱ ቱሉ እናውራ ያልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሩጫዋን አናረዝመውም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአርሲ በቆጂ ልጅ ናት። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ፣ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። ከዚያ ወለደች። «ወልዳለች፣ አበቃላት» ለሚል ሰው መልሱን በመስከረም 1993 ሲድኒ ላይ በሁለተኛ ወርቅ ሰጠች።

እኛ የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሯጭ ወደ አመራር ሲመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ኬንያዊው ዌስሊ ኮሪር የቦስተን ማራቶንን ባሸነፈ በዓመቱ በግል ተወዳድሮ ፓርላማ ገብቷል። የእኛም ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2005 ዓ.ም. ለፓርላማ እወዳደራለሁ ብሎ ነበር፤ በኋላ ተወው። ደራርቱ የፓርላማ ወንበር ላይ አልተቀመጠችም። ኅዳር 2011 ኃይሌ ከአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንትነት ሲለቅ ቦታውን በጊዜያዊነት ተረከበች፤ በታኅሣሥ 2013 ደግሞ በጉባኤ ተመርጣ እስከ ታኅሣሥ 2017 መራች።

ወንበሩ አልጋ አልነበረም። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ወቅት ፌዴሬሽኑና የኦሎምፒክ ኮሚቴው በአደባባይ ተጣሉ። ሀገር የጠበቀው ብዙ ወርቅ ነበር፣ የመጣው አንድ። ወቀሳው ወደ እሷም ደረሰ። ሜዳሊያ ያላት ሴት ለምን ትወቀሳለች የምትሉ ካላችሁ፣ እኛ አንስማማም፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ይጠየቃል። የእኛም ሰብሳቢ ደብተሩን ስንጠይቃት መቆጣት የለባትም።

በዓመቱ፣ ሐምሌ 2014፣ በኦሪገን የዓለም ሻምፒዮና ኢትዮጵያ በ4 ወርቅ ሁለተኛ ወጣች። ከአራቱ ሦስቱን ያመጡት ከትግራይ የወጡ ሴቶች ናቸው፦ ለተሰንበት ግደይ፣ ጎተይቶም ገብረሥላሴና ጉዳፍ ፀጋይ። ያኔ ጦርነቱ ነበር፣ ወደ ትግራይ ስልክ ተቋርጧል። ወርቅ ያጠለቀች ልጅ ለእናቷ «እማዬ፣ አሸነፍኩ» ማለት አትችልም። በአቀባበሉ ላይ ደራርቱ ይህንኑ በባለሥልጣናት ፊት አነሳችው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቦታ፣ ምስጋና ብቻ ተናግራ ብትቀመጥ ማንም ባልወቀሳት። ስልኩ በዚያ ንግግር አልተከፈተም። ቢሆንም ብዙ እናት ቤቷ ሆና ሰምታ አልቅሳለች፣ ከእኛም መሃል።

ይህ ፖለቲካ ነው? በእኛ አስተያየት ነው። ፖለቲካ አልወድም ያለችን እህታችንም ሳታውቀው ትሠራዋለች። አምና የአንዲት አባላችን የመሸጫ ቦታ ሲወሰድባት፣ ብቻዋን አንድ ቢሮ ስትመላለስ ከረመች፤ «ነገ ነይ» ነበር መልሱ። ማህተም ያለው የማህበር ደብዳቤ ይዘን ሦስት ሆነን ስንሄድ ወንበር ሳቡልን። ከሦስቱ አንዷ ያቺው ቡና የቀዳችልን ናት፤ ከሁላችንም በላይ የተናገረችውም እሷ ነበረች!

ደብዳቤው ላይ የፈረመችው የቀድሞዋ ሰብሳቢያችን ከላፍቶ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ቤት ቀይራለች። ዛሬ ከእኛ አንዷ ተመሳሳይ ችግር ቢገጥማት የሚፈርምላት የለም። የባንክ ደብተራችንም ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፣ ያለን የገንዘብ ያዧ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ብድር የጠየቁ እህቶች እየጠበቁ ያሉት።

ምርጫው በሚቀጥለው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ እዚሁ ነው። ራሷን የምታቀርብ ለጸሐፊዋ ትንገር፤ ሌላዋንም መጠቆም ይቻላል። ልጅ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ በተራ እንይዛለን። ቡናውን በዚያ ቀን ሌላ ሰው ያፍላ።