የተልባ ዝልግልግና የእምቦጭ ገለባ፤ ከፍሳሽ ውኃ መርዛማ ብረቶችን ስለ መለየት
(በባሕር ዳር ለዕርዳታ ሠራተኞች የተሰጠ ገለጻ)



ድርቅ በደረሰበት ስፍራም ሆነ አዲስ ሰፋሪዎች በሚያርፉበት መንደር የውኃ ነገር ሲነሣ አስቀድመን የምንጠይቀው «ይበቃል ወይ?» ብለን ነው። ከዚያም ከደፈረሰ እናጠልለዋለን፤ ለበሽታ ካሰጋን እናፈላዋለን ወይም ክሎሪን እንጨምርበታለን። ዛሬ የማነሣው በእነዚህ ሁሉ የማይወገደውን መርዝ ነው። እርሳስ፣ ክሮሚየምና ካድሚየም በውኃ ውስጥ ሟሙተው ሳለ ለዓይንም ለአፍንጫም ላይታወቁ ይችላሉ። ውኃው ሲፈላ እንፋሎቱ ይሄዳል እንጂ ብረቱ አይሄድም፤ እንዲያውም በቀረው ውኃ ውስጥ ይጠናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያመለከተው የእርሳስ ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ነገሩ ከዚህ ከተማ የራቀ አይደለም። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ባሕር ዳርን አቋርጦ ይወርዳል። በኢጣሊያ የጦር ካሣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽ ወደዚሁ ወንዝ መውረዱን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ቆዳ በሚያለፉ ፋብሪካዎች ደግሞ ዋናው ማልፊያ የክሮሚየም ጨው ነው። ከወንዙ ግርጌ በእንስራ የምትቀዳው እናት ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ብረትን ከፍሳሽ የሚለየው ከውጭ የሚገዛ ማጣሪያ ውድ በመሆኑ ተመራማሪዎች ወደ ዕፀዋት ፊታቸውን መልሰዋል። ተልባ በውኃ አድሮ ሲያብጥ የሚያወጣውን ዝልግልግ ያላየ የለም፤ ለጨጓራ ይበጃል ብሎ የሚጠጣውም ብዙ ነው። ይህ ውኃን አፍኖ የሚይዝ የረዘመ የስኳር ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቶቹ እንዳይሟሙ እርስ በርሳቸው ሲቆላለፉ ሃይድሮጄል የሚባለው ይገኛል። በላያቸው ያለው አሉታዊ ሙል አዎንታዊ ሙል ያለውን ብረት ስቦ ይይዘዋል። ጄሉ በአሲድ ሲታጠብ ብረቱን ይለቅና እንደገና ለሥራ ይውላል።

ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ ውኃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ሲነቅሉት የኖሩት አረም ነው። ከገለባው ሴሉሎስ ይወጣል፤ ከሴሉሎሱም ጄል ይሠራል። «እንግዲያውስ ጠላታችን ሀብት ሆነልን» የሚሉ ወገኖች ሲበዙ አስተውላለሁ። እኔ መቸኮሉን አልወደውም። ውጤቱ በአብዛኛው ገና ከቤተ ሙከራ ብርጭቆ አልወጣም። ከሁሉ በላይ ጄሉ መርዙን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም። ያገለገለው ጄልና ያጠበው አሲድ በሐይቁ ዳር ከተጣለ ክረምት ሲገባ ጎርፍ መልሶ ያስገባዋል። እምቦጩ ራሱ በሥሩ ብረት የሚመጥ ስለሆነ፣ ፍሳሽ ከሚደርስበት ዳርቻ የተነቀለው ሳይመረመር ለከብት መኖ ወይም ለማዳበሪያ መዋል የለበትም። ስለዚህ እንዲህ ያለ የሥራ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ዝቃጩ የት እንደሚቀበርና ጠባቂው ማን እንደሆነ ያልጻፈውን መልሱት።

የሰፈራ ቦታ ስትመርጡም ናሙና ከፋብሪካው በላይና በታች ይወሰድ። ጠርሙሱ ንጹሕ ፕላስቲክ ይሁን፤ ናይትሪክ አሲድም በባለሙያ እጅ ጠብ ይደረግበት። አለበለዚያ ብረቱ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍና የተመረዘውን ውኃ ንጹሕ ሊያስመስለው ይችላል።