«ቤት ነሽ አይደል?»

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ዛሬ የምንወስነው የቢሮ ኪራያችንን ጉዳይ ነው። «ሁላችንም ከቤት ብንሠራ ኪራዩ ይቀርልናል» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ከመወሰናችን በፊት የደረሰብኝን ላካፍላችሁ።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ አብዛኞቹ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ከቤት እንዲሠሩ ተወሰነ። እኔ ያኔ እዚሁ ሞጆ በአንድ የግል ድርጅት የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ድርጅቱም ያንኑ ተከተለ። ከደረቅ ወደብ የሚወጣውን ዕቃ ሰነድ በስልክ እየተቀበልኩ ቤቴ ሆኜ መመዝገብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። የባጃጅ ወጪ ቀረ፤ ልጄንም በሰዓቷ አጠባሁ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጎረቤቴ «ቤት ነሽ አይደል? ልጄን እያየሽልኝ» አለች። ባለቤቴም «ቤት ውለሽ ምሳው እንዴት አልደረሰም?» አለ። ሂሳቡን የምሠራው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ሆነ፤ መብራት የጠፋ ዕለት ሌሊቱም አይተርፈኝም። ወደ ቢሮ ስንመለስ የኃላፊነቱ ቦታ በየቀኑ ይገባ ለነበረ ባልደረባዬ ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ሥራዬ አልተጓደለም፤ እኔ ግን አልታየሁም።

እህቶቼ፣ ቢሮ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት ከቤቷ ስትወጣ «ሥራ ሄደች» የሚባልላት ቦታ ነው። የቆዳ ቦርሳ የሚሰፉት አባሎቻችን ስፌታቸውን ያረሙት አጠገባቸው የተቀመጠችውን እያዩ ነው። የተቸገረችውንም ሳትናገር ከፊቷ የምናውቀው እዚህ ስንገናኝ ነው።

ከቤት መሥራትንም አልቃወምም። አራስ ለሆነች ወይም በሽተኛ ለምታስታምም ሥራ ከመተው ይሻላል። ሕጉም ያውቀዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ቤቷ ሆና ለአሠሪ የምትሠራበትን ውል ይፈቅዳል፤ አሠሪውም የሰጣትን ዕቃ፣ ያዘዛትን ሥራና ክፍያዋን እንዲመዘግብ ያዛል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ሰኞና ሐሙስ ሁላችንም ቢሮ እንግባ፤ በቀሩት ቀናት የፈለገች ከቤቷ ትሥራ። ወደ ቤት የሚሄደው ቆዳና ክር፣ የሚመለሰውም ቦርሳ በመዝገብ ይፈረምበት። ኪራዩ እንዲቀልልን ክፍሉን በቀሩት ቀናት ለሌላ ማኅበር እናጋራ። ሹመትና ሥልጠና ሲመጣም ቢሮ የዋለችውን ብቻ አንይ፤ መዝገቡን ገልጠን ማን ምን እንደሠራች እንይ።

እኔን ያኔ የጎዳኝ እንዲህ ያለ መዝገብ ያለመኖሩ ነው። በእናንተ እንዳይደገም ነው የምለምናችሁ።